ያደረ እንጉዳይ

መቱ፣ ሐሙስ ጠዋት

እማዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ቡሬም እንደኛው ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ አሉ፤ ሹራብሽን ደርቢ፣ ብርዱን አትድፈሪው። እኔና አማችሽ ሻፊ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትያለሽ። በስልክማ የእትዬ ዲሪቤን ስም ባነሳሁ ቁጥር "ኔትወርክ የለም" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ! ወረቀት አይዘጋም። ኢርሻድ ያንብብልሽ፤ እስኪጨርስ እንዳትነሺ።

ያን ቀን እኔም አልረሳሁትም። አሥር ዓመቴ ነበር። አንቺ ኢርሻድን አርግዘሻል፤ ከዚሁ አሁን እኔ ካለሁበት ቤት ግድግዳ ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ ዲሪቤ እንጉዳይ በቅቤ ሲጠብሱ ሽታው ቤታችንን ሞላው። አማረሽ። "አሁን ታመጣልኛለች" እያልሽ በር በሩን ስታዪ አመሸሽ። እሳቸው ብቻቸውን በልተው ተኙ። በነጋታው ሳህን ይዘው ሲመጡ "ትራፊ አልበላም! የእርጉዝ አምሮት ከሚያሳድር ሰው ጋር ጉርብትና በቃኝ" ብለሽ ከደጅ መለስሻቸው። ኢርሻድ ጉንጩ ላይ ጥቁር ምልክት ይዞ ሲወለድማ "ይኸው! ሽታው ሲያውደኝ ጉንጬን ይዤ አድሬ ነው" አልሽ፤ በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። አሥራ አራት ዓመት ሞላው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሆዳም ናቸው እያልኩ ነው ያደግኩት።

ካቻምና ዓይናቸው ደከመ። ልጃቸው ያለው ኖፓ ነው። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይን ሁኚኝ" ብለው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አቃተኝና አብሬያቸው እንጉዳይ መልቀም ጀመርኩ። ይቅር በዪኝ፣ ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ ነው ስደብቅሽ። በሶር መንገድ ሄደን፣ ቡናው ውስጥ ገባ ስንል አንድ ትልቅ ኩይሳ አለ። ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ብልጭ ባለ ማግስት፣ ሳህን ሳህን የሚያክል እንጉዳይ ኩይሳውን አልብሶት ታገኚዋለሽ። እኔ አሳያቸዋለሁ፣ እሳቸው አፈሩን በጣታቸው ፈልፍለው ከነሥሩ ያወጡታል፤ ሥሩን ያሸታሉ፣ ያላማራቸውን ይጥላሉ። ገና ያልፈካውን "የሌላ ሰው ድርሻ ነው" ብለው አይነኩትም። ሆዳም እንዲህ ያደርጋል?

አምና፣ ለምን ሁልጊዜ መጀመሪያ ብቻቸውን በልተው ለሰው በነጋታው እንደሚሰጡ ጠየቅኳቸው። ጃለኔ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ አሉ። እርጉዝ ሳለች እንጉዳይ አማራት። እትዬ ዲሪቤ በገዛ እጃቸው ለቅመው፣ ጠብሰው፣ ትኩሱን አጎረሷት። ከደህናው መሀል አንድ ክፉ ገብቶበት ኖሯል። እሷም በሆዷ ያለውም አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ሳይበሉት፣ ሌሊት ሳያልፍበት፣ ለማንም አይሰጡም።

"ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገሯትም?" ብላቸው "ለእርጉዝ እንዲህ ያለ ወሬ ይወራል እንዴ? ሟርት ነው። ፈርታ ከምታድር እኔን ብትጠላኝ ይሻላል አልኩ" አሉኝ። እማዬ፣ እዚያው ኩይሳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዎንማ አይቀምሱም ብዬ አስቸግሬ፣ አብረን እንቀምስ ነበር።

ማክሰኞ እንደ ልማዳችን ለቅመን ገባን፣ ጠበስን። እጄን ስሰድ ቸብ አደረጉኛ! "ቦሩ፣ ነገ! አንቺ ነገ ነው የምትበዪው" አሉ። ያ የደከመ ዓይናቸው ምን እንዳየ እንጃ፣ ትኩር ብለው አዩኝና ፈገግ ብለው ብቻቸውን በሉ። ምራቄን እየዋጥኩ ቤቴ ገባሁ። ትናንት ማለዳ ሳህኑን ይዘው በሬን አንኳኩ። እኔ ትራፊ አላልኩም። ያንቺን ድርሻ ለይቼ የቀረውን ጠርጌ በላሁት።

እሑድ ልጃቸው መጥቶ ወደ ኖፓ ይወስዳቸዋል፤ ጠቅልለው ነው የሚሄዱት። "እናትሽን ሳላያት ልሄድ ነው" አሉኝ፤ አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ነዪ፣ በሞቴ። ድርሻሽን በኮባ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር በሾፌሩ በጋሼ ዲበኩሉ እጅ ልኬልሻለሁ። እሳቸው በልተውት ሌሊት አልፎበታል። እባክሽ እንዳትመልሺው።

ለሻፊ ገና ምንም አልነገርኩትም፤ ስትደውዪ እንዳታመልጥሽ። ማክሰኞ ያ ሽታ በግድግዳው አልፎ ሲያውደኝ፣ እስኪነጋ ሁለቱንም እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ነው ያደርኩት፤ ጉንጬን እንዳልነካ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ በጤና ያገናኘን። ዱዓሽ አይለየኝ፤ ዘንድሮ ደግሞ በርከት አድርጊው።

እጇን ቸብ የተደረገችው ልጅሽ