ማን ነው ያጠፈው? የኮሎኔል ሁለቴ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሁለቴ» እያሉ ሲጠሯቸው የኖሩት አባታችን ኮሎኔል፣ ጣሪያ ሠሪ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ተወለዱ። አዋላጇ ገና በእግራቸው ይዛ ከፍ ስታደርጋቸው ሰፈሩን በጩኸት አደበላልቀውት እንደነበር ሴት አያታችን ይናገሩ ነበር። አባታችንም ይህን በሰሙ ቁጥር «ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፍታ አልወድም» ይሉ ነበር። ለቀስተኞች ፈገግ ብትሉ አይክበዳችሁ፤ እሳቸውም በሰው ቀብር ላይ ቀልድ እያመለጣቸው ለቀስተኛ ሲቆጣቸው የኖሩ ሰው ናቸው። የአንባቢዋ ድምፅ ቢንቀጠቀጥም ይቅርታችሁን እንጠይቃለን፤ ታናሽ ልጃቸው ነኝ፣ ከእሳቸው የወረስኩት ነው።

አባታችን ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ አባታቸው ከሰው ጣሪያ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አነከሱ። ከዚያ ወዲያ አያታችን ልጃቸው ወንበር ላይ እንኳ ሲቆም ማየት አልፈቀዱም። ፈሪ ለእናቱ እንዲሉ፣ አባታችንም ለእናታቸው የተመቹ ልጅ ሆነው አደጉ። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ ድብድብ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ቤታቸው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ።

በ1967 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አንድ አብሮ አደጋቸው አብራሪ ለመሆን ሊመዘገቡ ሲሄዱ አባታችን ሊሸኟቸው ተከተሉ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩም ብርቱ ነበርና ጥላ ፍለጋ አብረው ገቡ፤ ሐኪሙም ሁለቱን መረመሯቸው። ጓደኛቸው ዓይናቸው ስለደከመ ወደቁ፤ አባታችን አለፉ። አንድ ጺማም መኮንን ትከሻቸውን መታ አድርገው «ሰኞ ጠዋት እዚህ ትገኛለህ» አሏቸው። «አልመጣም ማለት ፈራሁ» ይሉ ነበር አባታችን፣ «ሌላው አየር ኃይል የገባው በጀግንነት ነው፤ እኔ የገባሁት በፍርሃት ነው።» ያ ጓደኛቸው ልብስ ሰፊ ሆኑ፤ ዛሬም ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው መካከላችን ተቀምጠዋል።

በረራ ከመጀመራቸው በፊት ሠልጣኞች ሁሉ በፓራሹት መዝለል ነበረባቸው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት አባታችን ሐሞታቸው ፈሰሰ። አሰልጣኙ በመዳፋቸው ጀርባቸውን ገፋ ሲያደርጓቸው ወጡ። ፓራሹቱ እንደ ደንቡ ተከፈተ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር መከፈቱን አላዩም፤ ደረታቸው ላይ የታሰረውን መጠባበቂያም ሳቡት። ሁለቱ ፓራሹቶች እየተገፋፉ ወዲያና ወዲህ ሲያንገላቷቸው ቆይተው፣ ከአየር ኃይሉ ምድብ ወጥ ቤት ጀርባ ካለ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ በወጥ ሠሪዎቹ ሽርጥ መሃል ጣሏቸው።

ይህን ያዩ አንዲት ወጣት የፓራሹት ማጠፊያ ክፍል ሠራተኛ እየሮጡ መጡ። የሮጡት ግን ወደ ፓራሹቱ እንጂ ወደ አባታችን አልነበረም።

«የእኔው ተከፍቶልህ የለም እንዴ? ሌላውን ለምን ትስባለህ?» አሏቸው።

«ፈርቼ ነው።»

«መሬቱን ነው የፈራኸው ወይስ እኔን አላመንከኝም?»

አባታችን የተጠመጠመባቸውን ሽርጥ ይፈቱ ጀመር። ሁለቱንም ፓራሹት እያጉረመረሙ እንደገና ያጠፉት እኚህ ሴት እናታችን ናቸው። «ሁለቴ» የሚለውም ስም ለአባታችን የዚያኑ ዕለት ከምሳ በፊት ወጣላቸው።

የማጠፊያ ክፍሉ ጠባብና ጸጥ ያለ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ የለሰለሰ ጠረጴዛ ይዞታል። ጨርቁን እንዳይዘው ቀለበት አድርጎ መግባት ክልክል ነው። የሚያጥፍን ሰው ማንም አያናግርም። መሃል ላይ አንድ ቃል የተናገረው ካለ፣ አጣፊው የደረሰበትን ትቶ ጨርቁን በሙሉ ይዘረጋና እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌላም ደንብ አለ። የክፍሉ አለቃ ድንገት ይገቡና ከመደርደሪያው አንዱን መርጠው ላጠፈው ሰው ይሰጡታል፤ ያጠፈ፣ ያጠፈውን ታጥቆ ይዘላል። እናታችን በዚህ ደንብ ደጋግመው ዘለዋል። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ የሚል ሰው ግን አልተገኘም።

ከሽርጡ ቀን ወዲህ አባታችን ወደ አውሮፕላን ከመሄዳቸው በፊት በማጠፊያ ክፍሉ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው «ማን ነው ያጠፈው?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። «እኔ ነኝ፤ ሂድ» የሚለውን የእናታችንን ድምፅ ከሰሙ ይሄዳሉ። ሌላ ድምፅ ከመለሰ መልሰው ይጠይቃሉ። በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ። እናታችን የጋብቻ ቀለበታቸውን በየማለዳው በክፍሉ በር ላይ ባለች ሚስማር እየሰቀሉ ይገቡ ነበር።

መጀመሪያ ወንድሜ፣ ቀጥሎ እኔ ተወለድን። ያደግነው ጆሯችንን አቁመን ነው። የሚነሳውን ጄት ድምፅ ከሚመለሰው ለይተን እናውቅ ነበር። መርዶ የምታመጣዋ የምድቡ መኪና ወደ መንገዳችን ስትታጠፍ አፋችን ውስጥ ያለውን ማኘክ እናቆማለን፤ እናታችንም ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀጥ ይላሉ። መኪናዋ በራችንን ስታልፍ እሳቸው ማማሰል፣ እኛም ማኘክ እንቀጥላለን። ስለዚህ ነገር በቤታችን ተወርቶ አያውቅም፤ ማውራቱ ራሱ ያስፈራን ነበር።

ማታ የሚመጡት አባታችን ደግሞ ሌላ ሰው ነበሩ። አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የሚወጡት እናታችን ናቸው፤ አባታችን ወንበሩን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው ወደ መሬት ያያሉ። ጥርሳቸውን ሲያማቸው ክሊኒኩ በር ድረስ ሄደው ሕመሙ እንደተሻላቸው እየነገሩን ይመለሱ ነበር። ከሁሉ ይልቅ መንገድ ማቋረጥ ይፈሩ ነበር። «ሰማይ ላይ ምን አለ? እዚያ ሚኒባስ የለ፣ ረዳት የለ፣ ድንገት የሚገባብህ ጋሪ የለ» ይሉናል። መንገድ ስንሻገር እጃችንን አጥብቀው ይይዙን ነበር። እኛን የያዙን ይመስለን ነበር፤ ስናድግ ገባን፣ ለካ የተያዙትስ እሳቸው ነበሩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በ1979 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከምድቡ ተነስተው ብዙም ከፍ ሳይሉ የወፍ መንጋ ሞተሩ ውስጥ ገባና እሳት ተነሳ። ከፊታቸው ቤቶች ነበሩ። አውሮፕላኑን አቅፈው ይዘው ቤቶቹን አሳልፈው፣ ከጡብ ፋብሪካው በስተጀርባ ካለው ሜዳ ሲደርሱ ከአውሮፕላኑ የሚያስፈነጥረውን የመቀመጫውን መያዣ ሳቡ። በኋላ በተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ላይ የሰው ሕይወት ለማዳን ሲሉ ሳይዘሉ እንደቆዩ ተጽፏል። እሳቸው ግን ወረቀቱን ለሚያነብ ሁሉ «ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን የቆየሁት መያዣውን መሳብ ፈርቼ ነው» ይሉ ነበር። በዚያ መቀመጫ ላይ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም። «እጄ ደረቴ ላይ ሁለተኛውን ፈለገ፤ የለም። ቀና ስል የእሷው ተከፍቷል» ብለው ይነግሩን ነበር።

በዚያ ቀን መኪናዋ በራችንን አላለፈችም። እኔ ታምሜ ስለነበር እናታችን ከእኔ ጋር ቤት ውለው ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ፣ በሩ ሲዘጋ፣ የመኮንኑ ጫማ ደረጃችን ላይ ሲረግጥ ሰማን። ወንድሜ ጠረጴዛው ስር ገባ። እናታችን በሩን ከፈቱና መኮንኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ተከፍቷል?» ብለው ጠየቁ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። መኮንኑ «ተከፍቷል፤ እግራቸው ብቻ ነው የተሰበረው» ሲሉ እናታችን የቆሙበት ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። ለረጅም ጊዜም አልተነሱም።

እግራቸው ከዳነ በኋላ የአባታችን ፍርሃት ባሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የግፊት ድስት ሲያፏጭ እንኳ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር። እናታችን በበኩላቸው አለቃቸውን ለምነው የባላቸውን ፓራሹት ሌላ ሰው እንዲያጥፍላቸው አደረጉ። ምክንያታቸውን ለማንም አልተናገሩም። አባታችን በመስኮቱ ጠይቀው የሌላ ሰው ድምፅ ሲመልስላቸው፣ አውሮፕላኑ ላይ ይወጡና ቀበቷቸውን አስረው ቁጭ ብለው ላብ አጥምቋቸው ይወርዱ ጀመር። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ። የሐኪሞች ቦርድ ከበረራ ሊያሰናብታቸው ቀን ቆረጠ። አባታችን ከዚያ ሌላ ሙያ አልነበራቸውም፤ ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

ቦርዱ ሊሰበሰብ ሲል እናታችን ቀለበታቸውን ሚስማሯ ላይ ሰቅለው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ካጠፏቸው ውስጥ አንዱን አባታችን ራሳቸው ከመደርደሪያው እንዲመርጡላቸው አዘዟቸው። አባታችን ሲያወላውሉ አለቃው «ምረጥ እንጂ፣ ሐብሐብ ነው እንዴ?» አሏቸው። እናታችን የመረጡላቸውን ታጥቀው አውሮፕላን ላይ ወጡ፤ አባታችን ሜዳው ላይ ቆመው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ሰው ሲዘል አዩ። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ፈርተው እንደማያውቁ ይናገሩ ነበር። እናታችን ወርደው ጨርቁን እየሰበሰቡ «በል፣ ተራው የአንተ ነው» አሏቸው። በማግሥቱ አባታችን በመስኮቱ ጠይቀው፣ የእናታችንን ድምፅ ሰምተው በረሩ።

ከዚያ ወዲህ እስከ 1998 ዓ.ም. በአሰልጣኝነት አገልግለው በኮሎኔልነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፈርተሃል?» ብለው ነበር። ፈርቻለሁ ያለውን «ጥሩ፣ እኔም ፈርቻለሁ፤ እንሂድ» ይሉታል። አልፈራሁም ያለውን ግን ሻይ ጠጥቶ እስኪፈራ ድረስ ይልኩታል። ዛሬ ሬሳቸውን የተሸከማችሁት ሻይ የጠጣችሁትና ያልጠጣችሁት ናችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ ልባቸው መስፋቱን ሲነግሯቸው «ልበ ሰፊ ነህ ያለኝ አለቃ ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ፤ ነገር ግን የእናታችንን ክንድ ይዘው አልለቀቁም። ለቀዶ ጥገና ሊገቡ ሲሉ ነርሷ የሚለብሱትን የታጠፈ አንሶላ አመጣችላቸው። «ማን ነው ያጠፈው?» ብለው ጠየቋት። ግራ ገብቷት «ከልብስ ክፍል ነው የመጣው፣ አባባ» አለቻቸው። አባታችንም አልገባም አሉ። እናታችን ቀለበታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። አንሶላውን በጎን ባለው ባዶ አልጋ ላይ ዘርግተው፣ በጣታቸው እያስተካከሉ አጠፉት። ቀዶ ሐኪሙ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አላናገሯቸውም። አባታችን «እኔ ነኝ፤ ሂድ» ሲባሉ ገቡ፤ በሰላምም ወጡ።

ልባቸው ግን እየደከመ ሄደ። ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በረንዳው ላይ ከእናታችን ጎን ተቀምጠው ሳለ «ዛሬ ፈርቻለሁ» አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

እናታችን «እኔም» አሏቸው።

አባታችን ዞር ብለው አዩዋቸው። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?»

«ከሽርጡ ቀን ጀምሮ። አንተ የምትፈራው ለራስህ ነው። እኔ የምፈራው እጄን ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ ኖርሽ?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበር?»

አባታችን «አልሄድም ነበር» አሉ። ሳቁም። የእናታችንን እጅ ገልብጠው መዳፉን አዩት፤ ከዚያ በጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት። ፀሐዩ በረንዳው ላይ ሳይደርስ አረፉ።

ትናንት የሚገነዙበትን ነጭ ጨርቅ እናታችን ለማንም አልሰጡም። የምግብ ጠረጴዛውን ወልውለው፣ ቀለበታቸውን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ሰቅለው ማጠፍ ጀመሩ። እየጨረሱ ሳሉ አንዲት ጎረቤታችን ገብተው «አይዞሽ፣ በርቺ» አሏቸው። እናታችን አልመለሱላቸውም። ጨርቁን በሙሉ ዘርግተው እንደ አዲስ ጀመሩ። ጎረቤታችን እንደተቀየሙ ሰምተናል። ነገሩ የማጠፊያ ክፍሉ ደንብ ስለሆነ ነው፤ ይቅር ይበሉን።

አባታችን ከሚወዷቸው ባለቤታቸው ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አፍርተዋል። በሕመማቸው ላልተለዩን ሐኪሞች፣ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻችን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን አይዞህ ብሎ ይቀበልልን፤ የሚያርፉበትንም አፈር ያለስልስላቸው። የመጨረሻዋን መስመር እናታችን ራሳቸው አጽፈውናል፦

እኔ ነኝ ያጠፍኩት፤ ሂድ።