ስለ ታናሽ እህቴ ትከሻ፣ ለእሁዱ የብስክሌት ቡድን ሰብሳቢ

ነፋስ እንኳ ለማይቀድምዎ፣ ለተከበሩ የእሁድ ብስክሌት ቡድናችን ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ሁለቱም ትከሻዎችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእኛ ቤት አንዱ ስለተሰበረ ነው መጠየቄ።

እኔና የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ታናሽ እህቴ፣ ጀማሪ ይምጣ፣ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም የሚለውን ማስታወቂያዎን አምነን፣ ፍጥነትም ድፍረትም እናገኛለን ብለን የተቀላቀልን ሰዎች ነን። ላገኘነው ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመው ስለሚጠብቁን እግዜር ይስጥልን። እርስዎና ፈጣኖቹ ውሃችሁን ጠጥታችሁ፣ ተሳስቃችሁ፣ ላባችሁ ደርቆ ትቆዩና፣ እኛ ምላሳችን ወጥቶ ስንደርስ በሉ እንሂድ ብለው ኮርቻዎ ላይ ይወጣሉ። ያልደከመው ያርፋል፣ የደከመው ይቀጥላል። ይህን ሥልጠና ብሎ ለመጥራት የሚያስፈልገውን ድፍረት ከእርስዎ አይተናል።

ሁለተኛ፣ ከፊት የሚነዳ ሰው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት እንዲያመለክት፣ ከኋላው ያለውም ምልክቱን ለሚከተለው እንዲያቀብል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የዚያን እሁድ የፊተኛው አመለከተ፤ መንገዱ ስለሚታጠፍ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። መሃል የነበሩት እርስዎ ግን ከባንክ ሠራተኛው ጓደኛዎ ጋር እሽቅድምድም ገጥመው ስለነበር እጅዎን ከመሪው ማንሳት አልፈለጉም። ከኋላዎ የነበረችው እህቴ ጉድጓዱን ያየችው ከገባችበት በኋላ ነው።

ሦስተኛውን በትሕትና መጻፍ አቅቶኛልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ፣ አደጋው የደረሰው ጀማሪዋ በራሷ ስለማትተማመን ነው ብለው በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ጻፉ። ኧረ እንዴት አስቻለዎት! እሷም አመነችዎት እኮ! እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። አጥንቱ ይገጥማል ብሏል ሐኪሙ። እሷ ግን ብስክሌቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ፈሪ ነኝ፣ ሰው አስቸገርኩ እያለች ትውላለች። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አይደለሽም እላታለሁ፤ የሰብሳቢውን ቃል ትታ የእኔን የት ትስማ!

ስለዚህ ካሳ አልጠይቅዎትም። እዚያው በጻፉበት ቦታ፣ ሁሉም እያየ፣ ምልክቱን አይቼ አላቀበልኳትም ብለው ይጻፉ። ለእርስዎ ዓይነት ብርቱ ሰው ይህ ሜዳ ነው።

ጀርባዎን ብቻ እያየች ብዙ የተማረች፣ ለፍጥነትዎ አክብሮት፣ ለእጅዎ ደግሞ ብርታት የምትመኝ፣
የጀማሪዋ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ለጊዜው ስለማትነዳ የቡድኑን ማልያ እንድትመልስ የላኩት መልእክት ደርሶናል። ትእዛዝዎን አክብረን አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጣጥፈን አስቀምጠናል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ ክንዷን ለማውጣት በመቀስ ለሁለት ቀዳዋለችና፣ ሁለቱንም ቁራጭ መጥተው ከእጇ ይቀበሏት።