ከሻርፑ ስር

ሰኞ፣ ጥር 10 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬም ውሃ ፈልጎ «ቁልፍ» አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። ወረወረው። ሻይ፣ ራዲዮ፣ ጫማ፣ ሁሉንም አቀረብኩለት። በመጨረሻ ራሱ ተነስቶ ጆጉን አነሳ። ባሌን ሰይድን ደም ግፊቱ ከጣለው ወዲህ ውሏችን ይኸው ነው። እጅ እግሩ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ቃል ብቻ እምቢ አለው፣ በአማርኛም በሶማልኛም።

የሚያናድደኝ ግን የሶላቱን ፋቲሓ ሲቀራ አንዲት ፊደል አይስትም። ጎረቤቶቼ አኩርፎሽ ነው ይሉኛል። እኔም በሽቄ፣ ለአላህ የተፈታ ምላስ ለእኔ ሲሆን ማን ያስረዋል ብዬ ጮህኩበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ማክሰኞ፣ ጥር 11

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ማንኪያ አሳየችው። እጁ ወደ አፉ ሄደ፣ ስሙ ግን አልመጣለትም። ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ያው። ላብ አጠመቀው።

ምላሱ ጤነኛ ነው አለችኝ። የተጎዳው ጭንቅላቱ ውስጥ ቃል የሚፈለግበት ቦታ ነው። ዱዓ በልጅነት የተያዘ ስለሆነ ሳይፈለግ ይመጣል። አላኮረፈኝም ማለት ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ?

በአጭር በአጭሩ አናግሪው፣ አዎ ወይም አይ የሚባል ነገር ጠይቂው፣ አትጩሂበት፣ ጠብቂው አለች። ንግግር መልሶ የሚያስተምር ባለሙያ ግን እዚህ ጅግጅጋ የለም፣ አዲስ አበባ ነው። በምን አቅሜ?

ረቡዕ፣ ጥር 12

ሐሰን ሊጠይቀው መጣ። ከሰይድ ጋር ግመል ሲያሻሽጥ ያረጀ ደላላ ነው። ምላሱ ደህና ነው፣ የጠፋው ቃል ነው ስለው ፊቱ በራ።

«ዘይነባ፣ እኛ መቼ በቃል ሸጥን?»

እውነቱን ነው። ከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ሻርፕ ይጣልበታል፣ ከስር የዋጋውን ያህል ጣት በመጨበጥ ነገሩ ያልቃል። አጠገብ የቆመ ሰው እንኳ አያውቅም። ሰይድ ልጆቻችንን ያሳደገው በዚያ እጁ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም!

ነገ ገበያ ሊወስደው ነው። ሰይድም ገብቶታል፣ ሻርፑን ራሱ ከሳጥን አወጣ። ልቤ ቀለል አለኝ። ብቻ ያ ረቢ፣ አታሳፍረው።

ሐሙስ፣ ጥር 13

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ግመል የሚሸጡ ሽማግሌ ተገኙ። ሰይድ እጃቸውን ያዘ፣ ሻርፑን ጣለበት፣ እንደ ድሮው ሌላ ሌላውን እያየ። የድሮ ባሌን አየሁ ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡና ትከሻውን መታ መታ አድርገው አላህ ያሽርህ አሉት። ሌላ ሻጭ ጋም እንደዚያው ሆነ።

ሐሰን ወደ ጥግ ወስዶ ነገረኝ። ጣቱ የመጣለትን ይጨብጣል፣ ለግመሉ የፍየል ዋጋ ነው የሰጠው። ላርም ሲል ደግሞ ይብስበታል። ጣትም ለካ ቃል ኖሯል። ሐሰን ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። እሱ ምን አጠፋ? የምቆጣው ሰው እንኳ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 14

ከጁሙዓ መልስ ሐሰን መጣ። አብሽር ትድናለህ፣ በሚመጣው ሳምንት ደግሞ እንሞክራለን እያለ ይለፈልፋል፣ ምስኪን። ሰይድ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ሻርፑን ዘርግቶ ሐሰን ትከሻ ላይ ጣለለት፣ ጫፉንም አስተካከለለት። ሐሰን አውልቆ ሊመልስለት ሲል እጁን ያዘው፣ ራሱንም ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ሐሰን አለቀሰ። እኔ ጓዳ ገባሁ።

ከታመመ ጀምሮ እንዲህ በግልጽ የተናገረው ነገር የለም። ምነው ባልገባኝ።