ጠርሙሱን የሰበሩት የኬሚስትሪ መምህር፣ አግማስ ቀለሙ

መምህር አግማስ ቀለሙ ከአባታቸው ከአቶ ቀለሙ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አባይነሽ አሊ ሰኔ 4 ቀን 1984 ዓ.ም. ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ተወለዱ። በልጅነታቸው የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ እየፈለጡ «ውስጡ ምን አለ?» በማለት ቤቱን ያሰለቹ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በደሴ አጠናቀው በ2006 ዓ.ም. በኬሚስትሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካም በጥራት ቁጥጥር ስድስት ዓመት ሠሩ። በ2009 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰላም ታደሰን አግብተው ሴት ልጃቸውን ብዙዬን ወለዱ። በ2013 ዓ.ም. ያን የመሰለ ሥራ ጥለው የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ሲገቡ ያልተቆጣቸው ዘመድ የለም። ይህን የምትጽፈው እህታቸው ወርቅነሽማ «አብደሃል እንዴ?» ብላቸዋለች። እርሳቸው ግን የሙያ ፈቃድ ያለው መምህር ሳልባል አልሞትም አሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ በከተማው አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ላይ ነበሩ፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍም በእጃቸው ነበር። ኅዳር ላይ ታጣቂዎች አባታቸውን በገዛ ደጃቸው ተኩሰው ገደሉ። በማግስቱ ከእነዚያው ታጣቂዎች ሦስቱ አግማስን ከለቅሶው ጎትተው ወስደው ቤተ ሙከራውን አስከፈቱ። የሚፈልጉት መጠጥ ነበር። አንደኛው የሜታኖል ጠርሙስ አንስቶ አሸተተና ወደ አፉ አስጠጋ። ሜታኖል ሽታው የአረቄ ነው፤ የጠጣውን ግን ዓይኑን ያጠፋል፣ ይገድላል።

ምነው ያን ጊዜ ዝም ባሉ! አንዲት ደቂቃ ዝም ቢሉ የአባታቸው ደም በተመለሰ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሀምዲን ባሽር በር ላይ ቆመው አይተዋል፤ ዛሬም ወላሂ እያሉ ይመሰክራሉ። አግማስ «መርዝ ነው፣ አትጠጣ!» ብለው ጮኹ። ታጣቂዎቹ «ለራስህ ደብቀኸው ነው» አሏቸው። ይኼኔ ጠርሙሱን ከሰውየው እጅ መንጥቀው ሲሚንቶው ላይ ከሰከሱት። በሰደፍ ወገባቸውን፣ በሰደፍ ጎናቸውን፣ በጫማ ፊታቸውን ደበደቧቸው። ሦስት የጎን አጥንታቸው ተሰበረ፣ አራት ጥርሳቸው ረገፈ። ጋሽ ሀምዲን አዝለው ቤት ሲያደርሷቸው ደም ይሸኑ ነበር።

እህታቸው «ይጠጡት አልነበር? ይሙቱ አልነበር?» ብላ ስትጮህባቸው፣ ባበጠ አፋቸው «ቤተ ሙከራ የገባ ሰው ሁሉ በመምህሩ ኃላፊነት ሥር ነው፤ የሠለጠንኩት ይህንን ነው» አሏት። ወር ሙሉ አላናገረቻቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ሥልጠናቸውን ጨረሱ። በቀጣዩ ዓመት የሙያ ፈቃዳቸውን አግኝተው ኮምቦልቻ ማስተማር ጀመሩ። በሰደፍ የተመታው ኩላሊታቸው ግን ከዳቸው። በሳምንት ሁለት ቀን እያሳጠቡ በሌላው ቀን ክፍል ሲገቡ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ32 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እናታቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ያን ቀን በሁለት ዓይናቸው እያዩ ከቤተ ሙከራው የወጡ ሦስት ሰዎችም አሉ። እህታቸው ይህን መስመር ሁለቴ ሰርዛዋለች፤ እውነት ስለሆነ መልሳ ጽፋዋለች።

አምላክ የመምህር አግማስን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑር፤ የእህታቸውንም ልብ ያራራ። አሜን።