የናፍቆት ባለቤት

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሃኒ፣ ዓይኔ፣

የናይሮቢ አየር እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች፤ ገበያ ሲባል ግን የሚቀድማት የለም። የእኔ ነገር ያው የምታውቂው ነው። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ ኖሬ፣ በጡረታዬ የዓለሙን እንግሊዝኛ በስልኬ አርማለሁ። ያ የቃላት ጥያቄ የሚጠየቅበት ድረ ገጽ ላይ የቬትናሙም የብራዚሉም ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ባህር ማዶ ረግጬ አላውቅም፤ ግዕዙን ከቅኔ ቤት፣ አገውኛውን ከእናቴ፣ እንግሊዝኛውን ከሬዲዮ የቃረምኩ ነኝ። ኔትወርክ የጠፋ ቀን እናትሽ «ዛሬ ፈረንጁ ሁሉ ተሳስቶ ዋለ» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ጥያቄ አመጣች። አብራት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ከእረፍት ተመልሳ አቀፈቻትና «ዩ ሚስድ ሚ» አለቻት። «እኔ ናፍቄሽ ነበር እያለችኝ ነው? ምን ዓይነት ኩራት ነው?» ትላለች ሴትዮዋ። አሥራ አንድ ሰው መልሶላታል። ሁሉም «ስህተት ነው፣ አይ ሚስ ዩ ነው የሚባለው» ብሎ አልፏል።

እኔ ግን ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። «እመቤቴ፣ ልጅቱ አልኮራችም። በእኛ ቋንቋ ናፈቅሽኝ ሲባል የግሱ ባለቤት ናፋቂው አይደለም፤ የተናፈቀው ነው። ናፋቂው ተሳቢ ነው፣ ነገሩ የሚደርስበት። አንቺ እዚያ ሆነሽ እኔን እዚህ እንዲህ አደረግሽኝ ማለቷ ነው።»

ምስጋናው ጎረፈ። ሴትዮዋ «አለቀስኩ» ብላ ጻፈች። ደረቴን ነፍቼ ለእናትሽ አነበብኩላት። ምስሯን እየለቀመች ሰማችኝና ቀና እንኳ ሳትል «ታዲያ ሃኒ የጻፈችልህ ይሄንኑ አልነበር? ልጅቱ ናፈቅኸኝ ብትልህ አንተ ፈተና ፈተንካት» አለችኝ።

እግዚኦ! ክው አልኩ።

ናይሮቢ በገባሽ በሦስተኛው ወር «አባዬ፣ ዩ ሚስድ ሚ» ብለሽ ላክሽልኝ። በእንግሊዝኛ ካልጻፍሽ አላነብም ያልኩሽ እኔው ነኝ። የመለስኩልሽም «ስህተት። አይ ሚስ ዩ በይ። አሥር ጊዜ ጻፊው» የሚል ነው። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላልኩም።

ይኸው ዓመት ከሰባት ወር፣ አንዲት መስመር አልጻፍሽልኝም። ለእናትሽ ስትደውዪ «አባትሽን ላገናኝሽ?» ስትልሽ፣ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» ስትዪ እሰማለሁ። ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ያን ጎመን ስንት ጊዜ አጠጣሁት! ተቀይሜሽም ነበር፣ አልዋሽሽም። ለምን ታረምኩ ብላ ታኮርፋለች? እል ነበር። ባለቤትና ተሳቢ አውቃለሁ እያልኩ ሰፈሩን ሳሰለች፣ የገዛ ልጄ አማርኛ እንግሊዝኛ ለብሶ ቢመጣ ሳላውቀው ቀረሁ። ለማላውቃት ሴት አንድ ገጽ ስጽፍ ለአንቺ አንድ ደግ ቃል ነፈግኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የወይዘሮ አሰገደች ልጅ ፍቅርአዲስ ናት፤ ለሥራ ወደዚያው እየመጣች ነው። ቅቤና በርበሬም ይዛልሻለች። አደራ፣ ልብስ የሌላት እንደሆነ ካፖርት አውሺያት።

እንደመጣልሽ ጻፊልኝ፤ በፈለግሽው ቋንቋ። መጻፉ ካስጠላሽ ደውዪ። ደውለሽ ዝም ብትዪም አልዘጋውም፤ ትንፋሽሽን አውቀዋለሁ።

የማርቆስ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። በሰው አገር የሚረዳሽ ሰው አያሳጣሽ፤ በአገርሽም ያን ሰው እኔን ያድርገኝ።

አባትሽ
ይስማው