ልጄ ሉቭኩሽ ያገኛቸው ሰባት ዊኬቶች በራሱ ስም እንዲመዘገቡ

ቀን፦ ኖቬምበር 18 ቀን 2019

ለክፍለ ሀገሩ ክሪኬት ማኅበር ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ በሌላ ተጫዋች ስም የተመዘገበ የልጄ ውጤት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ፉልማቲ ዴቪ በሱራጅጋንጅ አውራጃ ነዋሪና የመንግሥት ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ስለፈጀብኝ፣ ስሕተት ቢገኝበት ይቅርታ ይደረግልኝ።

1. ልጄ ሉቭኩሽ ኩማር ኳስ ወርዋሪ ነበር። በ2018 የአውራጃው ቡድን ምርጫ ላይ ከሁሉም የተሻለ እንደወረወረ መራጮቹ ዳኞች ራሳቸው ተናግረዋል። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን በእሱ ቦታ የማኅበሩ ጸሐፊ የአቶ ዲግቪጃይ የእህት ልጅ ፕራናይ ተጽፎ ተገኘ። ልጄን ውሃ አቀባይ አድርገው ወሰዱት።

2. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2018 ከጎረቤት አውራጃ ጋር በተደረገው ጨዋታ ፕራናይ የዘመዱ ሠርግ ላይ ስለነበር አልመጣም። ዝርዝሩ ማኅተም ስላረፈበት መቀየር አልተቻለም። የቡድኑ አምበል ልጄን ጠርቶ፣ «ዛሬ አንተ ፕራናይ ነህ። ሉቭኩሽ ብሎ የሚጠራህ ካለ እንዳትዞር» አለው። ልጄም ገብቶ ሰባት መቺዎችን ከሜዳ አስወጥቶ ሰባት ዊኬት ወሰደ። ጓደኞቹ፣ «ፕራናይ ጌታዬ፣ ዛሬ ውሃውን እኛ እናቅርብልህ?» እያሉ ሲያሾፉበት እንደዋሉ እየሳቀ ነገረኝ። በማግስቱ ጋዜጣው የፕራናይን ስም አወጣ።

3. እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ልጄ አቤት ልበል ሲለኝ፣ «ተው ልጄ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዝም ካልክላቸው በሚቀጥለው ዓመት ያስገቡሃል» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ዝም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ፕራናይ በእነዚያ ሰባት ዊኬቶች ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ልምምድ ተጠራ። ልጄ ደግሞ ውሃ አቀባይነቱን ቀጠለ። ቅር ማለቱን ያየው ፕራናይ፣ «ስሜን ባላውስህ መቼ ሜዳ ትገባ ነበር? አመስግነኝ እንጂ» እንዳለው ሰምቻለሁ።

4. ልጄ ዘንድሮ ሴፕቴምበር 6 ቀን በወባ ትንኝ ሳይሆን በሌላዋ ትንኝ ትኩሳት፣ በዴንጊ፣ ታሞ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ማኅበሩ ገደለው አልልም። የገደለው ትኩሳቱ ነው።

5. ለፀሐይ ከምንሰግድበት ከቻት በዓል በኋላ አቶ ዲግቪጃይ ዘንድ ሄጄ መዝገቡ እንዲታረም ለመንኳቸው። «እናቴ፣ ልጁ አንዴ ሞቷል። ለሞተ ሰው ሰባት ዊኬት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን፣ ለሞተ ሰው ምንም የማያደርግለት ከሆነ ለምን አይመልሱለትም እያልኩ ሄድኩ።

6. ማስረጃ አለኝ። በዚያ ጨዋታ ቀን ነጥብ የመዘገቡት ጡረተኛው ፖስተኛ አቶ ሐቢቡላ አንሳሪ ናቸው። ልጆቹን በመልክ አያውቋቸውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ወርዋሪ በየትኛው እጁ እንደሚወረውር ከስሙ ጎን የመጻፍ ልማድ አላቸው። ከፕራናይ ስም ጎን በእርሳስ «ግራ እጅ፣ ዘገምተኛ» ብለው ጽፈዋል። በግራ እጁ ቀስ አድርጎ የሚወረውረው ልጄ ነበር፤ ፕራናይ በቀኝ እጁ ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ነው። ይህን ልምምድ ላይ ያሉት የእርስዎ አሠልጣኞችም ያውቃሉ።

ስለዚህ የ2018 እና የ2019 ውጤት በዲሴምበር ከመታተሙ በፊት የአቶ ሐቢቡላ መዝገብ እንዲታይ፣ ፕራናይም በግራ እጁ ስድስት ኳስ ብቻ እንዲወረውር እንዲታዘዝ አመለክታለሁ። ከቻለበት አቤቱታዬን አነሳለሁ። ካልቻለ ሰባቱ ዊኬቶች በሉቭኩሽ ኩማር ስም ይጻፉ። ፕራናይን አባሩልኝ አላልኩም፤ እሱም እናት አለው።

ውሳኔው ሲሰጥ ማኅተም ተደርጎበት፣ የልጄ ሙሉ ስም ተጽፎበት እንዲላክልኝ እለምናለሁ። ስሙና ማኅተም አንድ ላይ ያሉበት፣ ወደ ቤቴ የገባው የመጨረሻ ወረቀት የሞት ምስክር ወረቀቱ ነው። የመጨረሻው እሱ ሆኖ እንዳይቀር።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ፉልማቲ ዴቪ
(ፊርማ)
የሟች ሉቭኩሽ ኩማር እናት

አባሪ፦ የመዝገቡ ገጽ ቅጂ አንድ፣ የጋዜጣ ቁራጭ አንድ