በቀይ ክር የሰፋሁት ጆንያ

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ዓምሃ፣

ጤናህን እንዳልጠይቅህ ሞተሃል። እንዳልተውህ ደግሞ እናቴ ከጉልቻው ስር ሰው ያንኳኳል ትላለች። የምትሰማው በጠራራ ፀሐይ ነው። መጀመሪያ "እማዬ፣ ጆሮሽ አረጀ" ብዬ አሾፍኩባት። ከዚያ እኔም ሰማሁት።

ምድጃው ስር መሬቱ ሰርጉዷል። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። የእቃ እጣቢ ብደፋበት ዋጠው፤ አንድ ባልዲ ውሃ ብጨምር ዋጠው። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ውሃ ሲወድቅ ታች ደርሶ ድምፅ ይሰጣል አይደል? ይሄ አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እሳት ካልነደደ ሁለት ቀን ሆኖት እንኳ ከውስጡ የሚወጣው አየር ይሞቃል። በታኅሣሥ ብርድ ጉለሌ እንዲህ አይሞቅም፤ የአንተ ኦጋዴን ነው የሚሞቀው።

ባለፈው ሚያዝያ ለእረፍት መጥተህ ጣውላ መሰንጠቂያችን በር ላይ ቆምክ። "ታየች፣ ሰጋቱራ ፈልጌ ነው" አልከኝ። "እኔ ደግሞ ሚስት ፈልጎ የመጣ መስሎኝ" አልኩህ። ሳቅክና ጆሮህ ቀላ። እውነቴን ነበር፣ አሁን ብነግርህ ምን ይጠቅማል።

ኦጋዴን ውስጥ ጋዝ ፍለጋ ስትቆፍሩ ጭቃ በቧንቧ ወደ ታች ትልካላችሁ፤ ጭቃው ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ሲያገኝ ግን እዚያው ይቀራል። "ጭቃው ከጎደለ ጋዙን የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል። ያኔ ጋዙ ይነሳል፤ እኛም አንተርፍም" አልከኝ። ሰጋቱራው ስንጥቁን እንዴት እንደሚደፍን ቂጡ የተበሳ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሞልተህ አሳየኸኝ። ልሙን ሰጋቱራ በውሃ ስትደፋበት እንዳለ አለፈ። ሸካራውን አስቀድመህ፣ መካከለኛውን አስከትለህ፣ ልሙን ስታሳርግበት ግን ውሃው ቆመ። "ሸካራው ከሌለ የቀረው ከንቱ ነው፤ አደራ" አልክ። "እኔ ወንፊት ይዤ ነው የተወለድኩት" አልኩህ። አፌስ መቼ ሰንፎ ያውቃል።

ሸካራውን በቀይ፣ መካከለኛውን በጥቁር፣ ልሙን በነጭ ክር እየሰፋሁ ልጭንልህ ተስማማን። ግንቦትና ሰኔ በትክክል ላክሁ። ሐምሌ ላይ እማዬን የሳንባ ምች ጣላት። እንጦጦ ጉም ለብሷል፣ የደን ጥበቃዎቹ እንጨት ለቃሚዎቹን ያባርራሉ፣ ከሰል የለም። ጳውሎስ ሆስፒታል ያያት ሐኪም "ሙቀት እንዳይለያት" ብሎ ሸኛት። ሙቀቱን ከየት እንደማመጣው አልነገረኝም።

የአንተን ሸካራ ወስጄ አነደድኩት። ጆንያዎቹን በልም ሞላሁና አፋቸውን በቀይ ክር ሰፋሁ። አንድ ጊዜ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ። ተሳስቼ አይደለም፣ ዓምሃ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

እማዬ ዳነች። መስከረም ላይ ጉድጓዱ ፈንድቶ አንተን እንደበላህ ሰማን። አስከሬንህ እንኳን አልመጣም። አብሮህ ከሰፈራችን የሄደው ኑሪ፣ የባለሱቁ የሙሐዲን ልጅ፣ ጆንያውን ጭቃው ውስጥ የገለበጠው እሱ ነው ተብሎ በአሻጥረኝነት ታሰረ። ሚስቱ ዘኪያ ስንቅ ይዛ በደጃችን ስታልፍ "ታየችዬ፣ ዱዓ አድርጊልን" ትለኛለች። "አይዞሽ" እላታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ "አይዞሽ" አልኳት። ፍርዱ ሰኞ ነው።

ራሴን ሳባብል ከረምኩ። ምናልባት ስንጥቁ ከሰጋቱራ አቅም በላይ ነበር፤ ምናልባት ሸካራው ቢኖርም አይደፈንም ነበር እላለሁ። የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ አንተም አትናገርም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ከመሰንጠቂያው ሦስት ጆንያ ሰጋቱራ ተሸክሜ መጣሁ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና "ምን ልታደርጊ ነው?" አለች። "ቀዳዳውን ልደፍን" አልኳት። መጀመሪያ ልሙን ብቻ ከቀይ አፈር ጋር በጥብጬ ደፋሁ። ዋጠው። ከስር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ እማዬ አማተበች። ቀጥዬ እንዳሳየኸኝ አደረግሁ፤ ሸካራው ቀደመ፣ መካከለኛው ተከተለ፣ ልሙ መጨረሻ ገባ። እየደፋሁ እጸልይ ነበር። እንዲሞላ አልነበረም። እንዲውጠው ነበር የምጸልየው፣ እንዲውጠውና እኔን ነጻ እንዲያወጣኝ።

ውሃው ዝቅ አለ፣ ደግሞ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ጨመርኩበት፤ እስከ አፉ ሞላና ጸጥ አለ። ማንኳኳቱም ጸጥ አለ። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

እማዬ ውሃውን አተኩራ አየችው። "ሐምሌ ላይ ያሞቅሽኝ እንጨት የማን ነበር?" አለችኝ። ነገርኳት። እንደምትረግመኝ ስጠብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ "ነጠላዬን አቀብይኝ፣ ብቻሽን አትሄጂም" አለች።

እሷ እስክትለብስ ነው ይህን የምጽፍልህ። መጀመሪያ ዘኪያ ቤት፣ ከዚያ ቀበሌ እንሄዳለን። ኑሪን ለቀው እኔን ያስቀሩኝ ይሆናል። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ይህን ደብዳቤም ለእነሱ ነው የምሰጠው፤ አንተ ጋ የሚደርስበትን መንገድ አላውቅምና። ጠርዙን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። በዚህኛው ውስጥ ግን ያለው ክሩ የሚለው ነው።

ታየች፣ ሰጋቱራ የምነፋልህ